ሀርሺን የቀረው ቁራጭ

ትናንት ከምሳ ስመለስ መሥሪያ ቤታችን አጥር ላይ ሁለት ሰዎች ማስታወቂያ ይለጥፉ ነበር። ሙጫቸው ከፉርኖ ዱቄት የተሠራ ነው፤ በቀለም ጣሳ ውስጥ ሰንብቶ ጎምዝዟል። ሽታው ሲመታኝ መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ። ከኋላዬ የመጣው ባለባጃጅ ጡሩምባውን አምባረቀብኝና "አንቺ ሴትዮ፣ መንገዱን ገዛሽው እንዴ?" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር፤ ትናንት ግን ዳር ይዤ አሳለፍኩት። ሰው ልጅነቱን በአበባ ሽታ ሲያስታውስ እሰማለሁ። የእኔን የሚያመጣው የጎመዘዘ ዱቄት ነው፣ ምን ይደረግ።

ያኔ እዚሁ ጅጅጋ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ኪዮስክ፣ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰውዬ ነበር። ባለመጽሐፉ እንለዋለን። አንባቢው ብዙ ነው፣ መጽሐፉ ጥቂት። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ ወታደሩ፣ ከመሀል አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተው ነጋዴ፣ ሁሉም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የምትመጣዋን አንዲት መጽሐፍ ነው የሚጠብቀው። ወፍራም መጽሐፍ ደግሞ አንዱ ሰው ቤት ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ባለመጽሐፉ ለዚህ መላ ዘየደ። ወፍራሙን መጽሐፍ በምላጭ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ያስጠርዛል፣ ከዚያ አንዱን መጽሐፍ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ያነበዋል። ሁለተኛውን ቁራጭ የጨረሰ ሰው ሦስተኛው እስኪመለስ ኪዮስኩ በር ላይ ሲቁለጨለጭ ይከርማል። መጽሐፍ ወዳድ ሰው ይህን ሲሰማ ሊያመው ይችላል፤ እኛን ግን ያስነበበን ይኸው ምላጭ ነው።

ጠራዧ እኔ ነበርኩ። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ከደብረ ብርሃን መጥቶ ጅጅጋ የከተመ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ወፍራም መርፌና የማዳበሪያ ክር ከሱቁ አይጠፋም። ቁራጮቹን እሰፋለሁ፣ በዱቄት ሙጫ የሲሚንቶ ወረቀት ሽፋን እለጥፍባቸዋለሁ፣ በምላሹ በነጻ አነባለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ፣ ከሰዓት በኋላ ከካራማራ ተራራ በኩል ንፋሱ ሲነሣ አብሬው የምነሣ፣ እናቴ "ይቺ ልጅ ወንበር እሾህ አለው ያላት ማነው?" እያለች የምትማረርብኝ ልጅ ነበርኩ። መጽሐፍ ሲይዘኝ ብቻ ነው የምረጋው፣ ያውም ጥሩ ከሆነ።

ደራሲውን ያገኘሁት ስሙን ሳላውቅ ነው። መጽሐፉ ሲቆራረጥ የፊተኛው ሽፋን አብሮ ይጣላል፤ በሲሚንቶ ወረቀቱ ላይ ባለመጽሐፉ በስክሪብቶ ቁጥር ይጽፍበታል፣ በቃ። አንድ ቀን የሰፋሁት ቁራጭ ስለ አንዲት ንፋስ ጠባቂ ሴት የሚተርክ ሆነ። ሴትዮዋ የአገሩን ንፋስ ሁሉ በስልቻ ቋጥራ ታስቀምጣለች፤ እህል የሚያዘራ ገበሬ ደጇ መጥቶ ይለምናል። ደራሲው ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብሎ አያብራራም። አለች ካለ አለች ነው፤ ከዚያ ወዲያው የስልቻው ስፌት በየት በኩል እንደሚያፈስ፣ ሴትዮዋ ጣቷን በምን ሰም እንደምታሸው ይነግርሃል። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝና ስፌቱን ሳነብ እጄን በላኝ። የሌለ አገር ሲጽፍ የሄደበት ሰው ሆኖ ነው የሚጽፈው። ስጨርሰው ወጥቼ ንፋሱ ውስጥ ቆምኩ፤ ቀሚሴ ሲርገበገብ የማን ስልቻ ተፈታ ብዬ በእውነት አሰብኩ።

ከወራት በኋላ ሌላ ቁራጭ ስሰፋ፣ ሰዎች እንቅልፋቸውን አምጥተው ስለሚሸጡበት ገበያ የሚያወራ ነበር፣ ገና በሁለተኛው ገጽ ላይ "ይሄ ሰውዬ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። አባቴ መርፌ የገባብኝ መስሎት ብድግ አለ። ሽፋን የለ፣ ስም የለ፣ ግን አወቅኩት። በር ላይ የሚመጣን ዘመድ በኮቴው እንደመለየት ነው። ስሙን ያየሁት በሦስተኛው ነው። ያኛው መጽሐፍ ለምላጭ የማይበቃ ቀጭን ስለነበር ከነሽፋኑ ነው የመጣው። ከዚያ በኋላ ባለመጽሐፉ መግቢያ መውጫ አጣ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ነጋዴ ሁሉ በዚህ ስም ያለ ነገር እንዲያመጣ እንዲለምንልኝ ነዘነዝኩት።

ይህን ሁሉ የምካፈላት ጓደኛ ነበረችኝ። የተከራየንበት ግቢ ባለቤት ልጅ ናት፤ እናቷን እኔም እንደሷ ሆዮ እላታለሁ፣ በሱማሌኛ እናቴ ማለት ነው። ሆዮ ከድንበሯ ከተማ ከውጫሌ ጨርቅ ታመጣለች፣ አባቴ ይሰፋዋል። ጓደኛዬ በልጅነቷ ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ስለኖረች አማርኛ ታነባለች። ረጋ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው፤ እኔ በአንድ ከሰዓት የምውጠውን እሷ ሳምንት ታላምጠዋለች። ያነበበችውን ደግሞ ማታ ማታ ግቢው ውስጥ ለእናቷ በሱማሌኛ ትተርክላታለች። ሆዮ ማንበብ አትችልም፤ ግን ያንን ደራሲ ከእሷ በላይ የተከራከረው ሰው አላየሁም። ንፋስ ጠባቂዋን "ስስታም ናት" ብላ ጠምዳት ነበር።

ከዚያ ወፍራሙ መጣ። ወንዛቸው በየዓመቱ ቦታ ስለሚቀይርባቸው ሰዎች ነው። ወንዙ በሄደበት ይከተሉታል፤ ድልድያቸውን ነቅለው በጀርባቸው ተሸክመው ይዞራሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ድልድዩ ተነሥቶ ማዶ የቀረን ሰው ተመልሶ የሚያመጣ የለም። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ቁራጭ ስትጨርስ ሱቃችን ድረስ ሮጣ መጣች። አባዮ ነው የምትለኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው።

"አባዮ፣ ይሄ ሰውዬ ሱማሌ ነው። ወላሂ ሱማሌ ነው! ቤቱን ነቅሎ ጭኖ የሚሄድ ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ ከየት ያውቃል?"

ሁለተኛው ቁራጭ የሚያልቀው እንዲህ ነው፦ ጎሳው ተሻግሮ ጨርሷል። አንዲት ልጅ ብቻ የድልድዩ መሀል ላይ ቆማለች። እናቷ ከወዲህ ትጣራለች፣ ልጅቷ ግን ወደ ማዶ ታያለች፣ ሰዎቹ ገመዱን መፍታት ይጀምራሉ። አለቀ። ቀጣዩ መስመር ሦስተኛው ቁራጭ ላይ ነው።

ሦስተኛውን ቁራጭ ደግሞ በገዛ እጄ ሰፍቼ ሸኝቼዋለሁ። ይህን ሳስብ ዛሬም እበሳጫለሁ። ሦስቱንም በአንድ ቀን ነው የሰፋኋቸው፤ ቀድሜ ላላነብ ለራሴ ምዬ ስለነበር ገጾቹን አቀርቅሬ ሳላይ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ በዳበሳ ጠረዝኳቸው። ሙጫው ሳይደርቅ አንድ ሩቅ የአርብቶ አደሮች ወረዳ፣ ሀርሺን፣ የተመደበ የጤና ባለሙያ ደረሰ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አዲስ አበባ ሳለ አንብቧቸው ኖሮ የቸገረው መጨረሻው ብቻ ነው። ለበዓል እመልሳለሁ ብሎ እርጥቡን ይዞ ሄደ። በዓሉ መጣ፣ ሰውዬው አልመጣም።

እኔ እንዴት እንደሆንኩ ልንገራችሁ፤ አበድኩ። ከሀርሺን ግመልና ፍየል ጭኖ የሚገባ አይሱዙ ሁሉ ሲቆም እዚያ ነኝ። ሹፌሮቹ ለይተውኝ፣ ገና ከሩቅ "ወረቀት የለም!" ይሉኝ ነበር። ጓደኛዬም አላረፈችም፤ የእሷ ግን ሌላ ነበር። እኔ የሚመጣውን መኪና ሳይ እሷ የሚሄደውን ነበር የምታየው። ያን ጊዜ የእኛ ዕድሜ ልጆች አንድ በአንድ ይጠፉ ነበር። በሐርጌሳ አድርገው ባሕር ይሻገራሉ፤ ተህሪብ ይሉታል። የክፍላችን ወንበር ሲጎድል አስተማሪው ስም ጠርቶ መልስ ሲያጣ ማንም "ታሞ ነው" አይልም። እሷ ስለዚህ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። የውጫሌ መኪኖች የሚነሡበት ቦታ ስትቆም ግን ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፣ ሰው የምትሸኝ ነበር የሚመስለኝ።

በበልጉ ዝናብ ሆዮ ዘመዶቿንና ከብቶቻቸውን ለማየት ሀርሺን ስትወርድ ጓደኛዬም አብራ ሄደች። ስትሄድ እጄን ይዛ "ሰውዬውን አገኘዋለሁ" አለችኝ። ስትመለስ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ከስታ፣ ዓይኗ ግን በርቶ ነበር።

"የታል?" አልኳት፣ ሰላም ሳልላት።

"አልሰጥም አለ። ግን አነበብኩት። እዚያው ጤና ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብዬ።"

"እና? ተሻገረች?"

"ቆይ። በወሬ አይሆንም፤ እነግርሻለሁ።"

የነገረችኝ በአባቴ ሱቅ ውስጥ ነው፣ በየቀኑ ከሰዓት ጥቂት ጥቂት እያለች። ጅጅጋን ለሚያውቅ ሰው ያ ሰዓት ይገባዋል። የጫት መኪናው ጡሩምባውን እየነፋ ይገባል፣ ገበያው ለአፍታ ይተራመሳል፣ ከዚያ ከተማው ጭጭ ይላል። አባቴም ሱቁን ለእኔ ትቶ ወደ ጓደኞቹ ይሄዳል። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አቧራውን ያሳያል፣ የአዲስ ጨርቅ ሽታ አለ፣ እኔ የሲንጀሩን ፔዳል እረግጣለሁ፣ እሷ አዝራር እየተከለች ትተርካለች። ስትጀምር "ሼኮ ሼኮ" አለች፤ ሱማሌዎች ተረት ሲጀምሩ የሚሉት ነው።

"መጽሐፉ እንዲህ ይላል?" ብዬ ሳቅኩባት።

"መልሺ ዝም ብለሽ።"

"ሼኮ ሀሪር" አልኩ፣ የሐር ተረት ማለት ነው።

ልጅቷ ተሻገረች። ማዶው ደረቅ ነው። ደራሲው እስከዚያ ድረስ ገጹን በውኃ ሲያርስ የኖረ ሰው፣ አሁን ልጅቷን ጉድጓድ ያስቆፍራታል፣ በተገለበጠ እንጨት ጥላ ያስተኛታል፣ ውኃ እንዴት እንደሚሸት ያስተምራታል። እኔ ጅሏ "በመጨረሻው ክፍል ብዕሩ ጎልምሷል" አልኩ! ለባለመጽሐፉም ይህንኑ ሄጄ ነገርኩት። እሱም ቢሆን አላነበበውም ነበርና አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ፤ ከዚያ ሁለተኛው ቁራጭ አልቆበት ለሚበሳጭ ደንበኛ ሁሉ መጨረሻውን ከእኔ በሰማው ይተርክ ጀመር። እየጨመረበትም ይመስለኛል። ጅጅጋ ውስጥ ያን መጽሐፍ "አንብቤዋለሁ" የሚል ሰው ግማሹ የሚያውቀው ይህን መጨረሻ ነው።

በትረካዋ የመጨረሻ ቀን ልጅቷ ወደ ወንዙ ትመለስና ለጎሳዋ ከወዲያ ማዶ ድምጿን ትልካለች። "ዳር ቆማችሁ አትጠብቁኝ። ወንዙ ቦታውን ይቀይራል፤ እናንተ የምትጠብቁበት እኔ የምመለስበት አይሆንም።" ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች። ፔዳሉን አቁሜ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አልሰማሁም ነበር። ከዚያ እንደ ልማዴ ተቆጣሁ።

"እናቷስ? ለእናቷ ለብቻዋ ምንም አላለችም?"

ጓደኛዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "እናቷ ጠንካራ ናት" አለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ለእናቷ ጨርቅ ልታመጣ ውጫሌ ሄደች። ጨርቁም እሷም አልመጡም። ከሐርጌሳ አንድ ጊዜ ለጎረቤት ስልክ ደወለች። ከዚያ ቦሳሶ አይቻታለሁ የሚል ሰው ተገኘ። ከቦሳሶ ወዲያ ባሕር ነው። እኔም ያን ጊዜ የታየኝ ለእኔ ሳትነግረኝ መሄዷ ብቻ ነበርና ከማልቀሴ በፊት አኮረፍኩ።

ከዓመታት በኋላ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄድኩ። አስፋልት ዳር አሮጌ መጽሐፍ ከሚደረድሩት አንዱ ዘንድ ደራሲውን አገኘሁት፣ ሥራዎቹን በሙሉ፣ ከነሽፋናቸው፣ ከነፎቶው። ያላወቅኳቸውም ነበሩበት። ወፍራሙን አንሥቼ፣ ሰው እየገፋኝ፣ ቆሜ ከድልድዩ መሀል ጀመርኩ። ልጅቷ ትሻገራለች። ማዶው ለምለም ነው። ትዞራለች፣ አያለሁ ያለችውን ሁሉ ታያለች። መጨረሻ ላይ ወንዙ ቦታውን ሲቀይር ማዶውና ወዲህ ይገናኛሉ፣ ወደ እናቷ ትመለሳለች፣ ይታረዳል፣ ይበላል፣ ይዘፈናል። መጽሐፉን ዘጋሁና እንደገና ከፈትኩት። ሌላ እትም ይሆናል ብዬ ሻጩን ጠየቅኩት። "ያው ነው፣ አልተቀየረም" አለኝ።

የገባኝ እዚያው ነው፣ መኪና እያለፈ። ጤና ጣቢያ በር ላይ የተነበበ ነገር አልነበረም። የጤና ባለሙያውንም ጨርሶ አላገኘችውም ይሆናል። እነዚያን ከሰዓቶች በሙሉ ስታወራ የነበረችው ስለ ራሷ ነው፤ እየተሰናበተችኝ እኔ ደራሲውን ሳደንቅ ነበር። ናፈቀችኝ፤ በአካል ያመኛል እስክል ድረስ ናፈቀችኝ። በደራሲው ደግሞ ተናደድኩ። የእሷ መጨረሻ አጥንት አለው፣ የእሱ ሠርግና ምላሽ ሆነብኝ። ያን ሁሉ አገር የፈጠረ ሰው እንዴት መጨረሻው ላይ ይፈራል አልኩ። ሌሎቹን ሁሉ ገዝቼ ደግሜ ደጋግሜ ሳነብ ያንን መጨረሻ ግን ድጋሚ አልነካሁትም።

ተምሬ ጨርሼ ሥራ ያገኘሁት ጅጅጋ ነው። ሆዮ ዛሬም እዚያው ግቢ አለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ውጫሌ መመላለሱን ትታለች፤ ከሥራ ስወጣ አንዳንዴ አልፌ አያታለሁ። ትናንት ያ ሽታ አላስቀምጥ ቢለኝ ወደ እሷው ሄድኩ። የከሰዓት በኋላውን የአስር ሶላት ጨርሳ ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች ነበር። ስለ ሥራ፣ ስለ አባቴ ዓይን ጠየቀችኝ። ከዚያ ምንም ሳይቀድመው፦

"ያቺ ድልድይ ላይ የቆመችው ልጅ" አለችኝ። "ልጄ ለእኔ እዚያ ድረስ ነው የነገረችኝ። ሌላውን ስላት ነገ፣ ነገ ትላለች። ከዚያ ሄደች። አንቺ አንብበሻል?"

"አንብቤያለሁ ሆዮ።"

"ምን ሆነች?"

ሁለቱም መጨረሻዎች አፌ ላይ መጡ። ትልቁን፣ የሚያምረውን፣ የልጇን መጨረሻ ከራሷ አፍ የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሆዮ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታየኛለች። የደራሲውን ጀመርኩ። አስፋልት ላይ ቆሜ በንዴት የሮጥኩበትን አሁን ቀስ ብዬ ሳወራው፣ ያላስተዋልኩት ነገር ከውስጡ እየወጣ መጣ። እናትየዋ ጎሳው በተነሣ ቁጥር ወደ የት እንደሄዱ በድንጋይ ምልክት ትታ ትነሣለች። ሰው ይስቅባታል። ዝናብ ያፈርሰዋል፣ ደግማ ትደረድራለች። ልጅቷ የተመለሰችው ድንጋዮቹን እያየች ነው። ደራሲው ይህን ያህል ገጽ ለእናትየዋ ሰጥቷል፣ እኔ ግን በአሥራ ስድስት ዓመቴም ሆነ አስፋልቱ ላይ ዓይኔ ልጅቷ ላይ ብቻ ነበር። ያ ሰውዬ አልፈራም። ዳር ለቆመ ሰው ነበር የጻፈው። ይቅር በለኝ አልኩት በልቤ።

ሆዮ ሳታቋርጠኝ አዳመጠች፤ በሕይወቷ ሳትከራከር የሰማችው የመጀመሪያው ታሪክ ሳይሆን አይቀርም።

"መጽሐፉ ላይ ነው ያለው?" አለችኝ ስጨርስ። "አንቺ አልጨመርሽም?"

"አልጨመርኩም።"

"ማርያምን በይ።"

"ማርያምን" አልኳት። እውነቴን ነበር።

ሻሿን አስተካከለች፣ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"በይ ተመልሳ ስትመጣ ያለውን ድገሚልኝ" አለችኝ።

ደገምኩላት።